ኮንቴይነሩ የትኛው ረድፍ ላይ ነው? የግቢ ማሽኖችን በሴንቲ ሜትር ደረጃ ለመከታተል ከኮምቦልቻ የተጻፈ መመሪያ

ከሚሌ በባቲ በኩል ሽቅብ የሚመጣው ከባድ መኪና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮንቴይነሩን አራግፎ ይመለሳል። የኮንቴይነሩ ጉዞ ግን በዚህ አያበቃም። በኮንቴይነር ማከማቻው ግቢ ውስጥ ይነሳል፣ ይደረደራል፣ ለፍተሻ ይወርዳል፣ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ባለንብረቱ ሊረከብ ሲመጣ ቦታውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ያ ሰው በዕለቱ ከሌለ፣ ሠራተኞች ቁጥር እያነበቡ በየረድፉ መካከል ግማሽ ቀን ይዞራሉ። እኔ ቀያሽ ነኝ። ያ የሚባክን ግማሽ ቀን ያንገበግበኛል፤ ሊቀር እንደሚችል ስለማውቅ ይህን መመሪያ ጽፌአለሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮንቴይነር በራሱ አይሄድም፤ የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ነው። ማሽኑ ባነሳበትና ባስቀመጠበት ቅጽበት የት እንደነበር በትክክል ከታወቀ የኮንቴይነሩም ቦታ ታወቀ ማለት ነው። ችግሩ "በትክክል" የምትለው ቃል ላይ ነው። የኮንቴይነር ወርድ 2.44 ሜትር ነው። ተራ የጂፒኤስ መከታተያ ደግሞ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊሳሳት ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ረድፍ ዘሎ ይነግረናል ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነት መረጃ ደግሞ ሠራተኛውን በተሳሳተ ረድፍ ስለሚያንከራትተው ከምንም መረጃ የባሰ ነው።

1. ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ይወስኑ

መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ይህን ጥያቄ በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ስለዚህ ማሽን ቦታ ስሳሳት ጉዳቱ የሚጀምረው ከስንት ሜትር ነው? በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጣን የጭነት መኪና ለመከታተል ተራው መሣሪያ ይበቃል፤ ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው። ኮንቴይነር የሚደረድረው ባለ ረጅም ክንዱ ሪች ስታከር ግን ከ1.2 ሜትር በላይ ከተሳሳተ ወደ ጎረቤት ረድፍ ይሻገራል። እኔ ለእንዲህ ያለ ማሽን ከ30 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ስህተት ብቻ እንዲፈቀድ እመክራለሁ፤ ለክንዱ መወዛወዝና ለሹፌሩ አቀማመጥ የሚተርፍ ቦታ መኖር አለበት። መንገድ የሚደለድል ግሬደር ደግሞ ከፍታን ጨምሮ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምናገረው በዋናነት ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ግቢው ማሽን ነው።

2. ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይረዱ

ይህን ክፍል ዘለው እንዳይሄዱ አደራ እላለሁ፤ ኋላ የሚያጋጥምዎት ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ተቀባዩ መሣሪያ ርቀቱን የሚያሰላው ምልክቱ በመንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ነው። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ በጊዜው ላይ የሚፈጠር የአሥር ቢሊዮንኛ ሴኮንድ መዛባት 3 ሜትር ሆኖ ይመጣል። የሳተላይቱ ሰዓት መዛባት፣ የምሕዋሩ ስሌት ስህተትና በአየር ንብርብሮች ውስጥ የሚያጋጥም መዘግየት ተደምረው ነው ያንን ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚፈጥሩት።

መፍትሔው ሁለት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛው፣ በምልክቱ ላይ የተጻፈውን ኮድ ብቻ ሳይሆን ምልክቱን የተሸከመውን ሞገድ ራሱን መለካት ነው። የጂፒኤስ ዋናው ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መሣሪያው የሞገዱን ትንሽ ክፋይ መለየት ስለሚችል ልኬቱ ወደ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ቦታው በትክክል በታወቀ ነጥብ ላይ ሌላ ተቀባይ ተክሎ የዕለቱን ስህተት እያነበበ ወደ ማሽኖቹ እንዲልክ ማድረግ ነው። ቋሚውን ቤዝ፣ ተንቀሳቃሹን ሮቨር እንለዋለን፤ ዘዴው አርቲኬ ይባላል። ሮቨሩ በእሱና በሳተላይቱ መካከል ያሉትን ሙሉ ሞገዶች ቁጥር በእርግጠኝነት ሲያገኝ "ፊክስ" ሆነ እንላለን፤ ገና እየገመተ ከሆነ "ፍሎት" ነው። ፊክስ ሲሆን ስህተቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ፍሎት ሲሆን ግን ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

ቤዙ ሲርቅ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። የተለመደው ስሌት 1 ሴንቲ ሜትር ሲደመር ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር ነው። 10 ኪሎ ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዓለም አቀፍ ቋሚ ጣቢያ ከኮምቦልቻ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሙሉ ሞገዶቹን መቁጠር ራሱ አይቻልም። ስለዚህ የራስዎ ቤዝ ያስፈልግዎታል። የአውሮፓውያኑ ኢግኖስ የተባለው የሳተላይት ማስተካከያም አገልግሎቱ አገራችንን አይሸፍንም። በመሣሪያው ማስተካከያ ገጽ ላይ ይህ አገልግሎት በርቶ ካገኙት ያጥፉት።

አንድ ሌላ አማራጭ አለ። የአውሮፓውያኑ የሳተላይት ሥርዓት ጋሊሊዮ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚያሰራጨው ከፍተኛ ትክክለኛነት ያለው አገልግሎት ያለ ቤዝ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ ታስቦ የተሠራ ነው። ኢ6 የተባለውን ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ ይፈልጋል፤ ለመረጋጋትም ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ሜዳ ላይ ለሚሠራ ትራክተር ወይም ለድንጋይ ካባ ማሽን ጥሩ ነው። በኮንቴይነር ረድፎች መካከል በየደቂቃው ሰማይ እየተሸፈነበት እንደገና ለሚጀምር ማሽን ግን አልመርጠውም።

3. ሰማዩን ይመልከቱ

ኮምቦልቻ በተራሮች መካከል የተኛች ከተማ ናት፤ ደሴ ደግሞ ጦሳን ተደግፋለች። ተራራው ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ ዝቅ ብለው ያሉትን ሳተላይቶች ብቻ ነው የሚጋርደው፣ እነሱ ደግሞ ድሮም ጥራታቸው ዝቅተኛ ነው። የጂፒኤስ፣ የግሎናስ፣ የጋሊሊዮና የቤይዱ ሳተላይቶችን በአንድነት የሚቀበል መሣሪያ ከያዙ የጦሳ ጥላ አያሳስብዎትም። የሚያሳስበው ቅርብ ያለው ብረት ነው።

እስቲ እናስላው። አራት ኮንቴይነር ተደራርቦ ሲቆም ቁመቱ 10.36 ሜትር ይሆናል። አንቴናው በማሽኑ ጣሪያ ላይ በ4 ሜትር ከፍታ ቢቀመጥና ማሽኑ 15 ሜትር ስፋት ባለው መተላለፊያ መካከል ቢቆም፣ በቀኝና በግራ ከ40 ዲግሪ በታች ያለው ሰማይ ሁሉ ተከድኗል። የሚታየው ጠባብ የሰማይ ሰንጥቅ ነው። ከዚህም በላይ የኮንቴይነሩ ግድግዳ ምልክቱን እንደ መስታወት ያንጸባርቀዋል፤ አንጸባርቆ የደረሰው ምልክት ረጅም መንገድ ስለመጣ መሣሪያውን ያሳስተዋል። ይህን ስሌት በራስዎ ግቢ ስፋትና ቁመት ይድገሙት። መልሱ ከ45 ዲግሪ በላይ ከወጣ በዚያ መተላለፊያ ላይ ሳተላይት ብቻውን አይበቃም፤ ወደ 7ኛው ደረጃ በጥሞና ይሂዱ።

ስለ ሰማዩ ሳነሳ ስለ ምሽትም ልናገር። አገራችን ያለችው የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በሚያልፍበት አካባቢ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው ንብርብር ይታወካል፤ የሳተላይት ምልክት እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ የፀሐይ እንቅስቃሴ በበረታባቸው ዓመታት ደግሞ ይበልጥ፣ ደህና ይሠራ የነበረ መሣሪያ ፊክሱን እየጣለ ሊያስቸግር ይችላል። የሌሊት ፈረቃ ካለዎት መሣሪያው ተበላሸ ብለው ከመፍታትዎ በፊት ሰዓቱን ይዩ።

4. ቤዙን ይትከሉ

ቤዝ መነቃነቅ የለበትም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የታሰረ የብረት ቱቦ በቀን ፀሐይ ይለጠጣል፣ በነፋስ ይወዛወዛል፤ እሱ በተወዛወዘ ቁጥር ግቢው ውስጥ ያለ ማሽን ሁሉ አብሮ የተወዛወዘ ይመስላል። ከተቻለ የኮንክሪት ሕንፃ ምሰሶ ራስ ላይ ይትከሉት። ካልሆነ ጠንካራ መሬት ድረስ ተቆፍሮ፣ ብረት ገብቶበት የተሞላ የኮንክሪት ምሰሶ ያሠሩ። የቦርከና ዳርቻ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ላይ ጥልቀት የሌለው ምሰሶ እንዳያቆሙ።

አንቴናው ከዙሪያው ሁሉ ከፍ ይበል። የክረምቱ መብረቅ በአካባቢያችን ቀልድ ስላልሆነ የመብረቅ መከላከያውን ከምድር ጋር በሚገባ ያገናኙ፤ በአንቴናው ገመድ ላይም መከላከያ ያስገቡ። ባትሪው መብራት ቢጠፋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን የሚያቆይ ይሁን። ቤዝ የሚፈጀው ኃይል ጥቂት ዋት ስለሆነ አነስተኛ ሶላር ይበቃዋል።

መብራትን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ ግቢ የተተከለ ቤዝ ላይ ስሠራ ሰኞ የተመዘገቡ ኮንቴይነሮች ማክሰኞ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ አንድ ሜትር ከምናምን ተንቀሳቅሰው ታዩ። ሐሙስ ደግሞ ወደ ሌላ ጎን ሄዱ። ሮቨሮቹ ሁሉ ፊክስ ያሳያሉ። አንቴና ቀየርን፣ ገመድ ቀየርን፣ ለውጥ የለም። ምክንያቱ መብራት ነበር። ቤዙ "ቦታህን ራስህ ፈልግ" በሚለው ማስተካከያ ላይ ተትቷል፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ጥቂት ደቂቃ አማክሎ ለራሱ አዲስ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን የሚገልጹ ቁጥሮች፣ ይሰጣል። ያ አማካይ ሁልጊዜ በሜትር ደረጃ ይለያያል። ሮቨሩ ደግሞ ከቤዙ ያለውን ርቀት እንጂ ቤዙ እውነት ይናገር አይናገር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፊክስ ሲሆን የምትበራው አረንጓዴዋ መብራት የትክክለኛነት ማስረጃ እንዳልሆነች የተማርኩት ያኔ ነው።

5. የቤዙን ኮኦርዲኔት አንዴ ያግኙ፣ ከዚያ አይንኩት

ቤዙ ከተተከለ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ጥሬ መረጃ ይቅዱ። ፋይሉን ራይኔክስ ወደሚባለው ቅርጽ ይለውጡት፤ አርቲኬሊብ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ከዚያ ለካናዳው ሲኤስአርኤስ ፒፒፒ ወይም ለአውስትራሊያው ኦስፖስ ይላኩት። ሁለቱም በነጻ አስልተው የአንቴናውን ቦታ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት ይመልሱልዎታል። ለሁለቱም ልከው መልሶቹን ያነጻጽሩ። ከመላክዎ በፊት የአንቴናውን ዓይነትና ከነጥቡ ያለውን ቁመት በትክክል ይጻፉ፤ እዚያ ላይ የተሳሳተ ከፍታ እስከ መጨረሻው ይከተልዎታል።

የተገኘውን ቁጥር በቤዙ ውስጥ በቋሚነት ያስገቡ፣ ቀኑንም ይጻፉ። ቀኑ ለምን? የቆምንበት የአፍሪካ ሰሌዳ በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው እንደገና ቢለካ አሥር ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያገኛል፣ ያለፈውም ስህተት ይመስለዋል። ግቢው ከቤዙ ጋር አብሮ ስለሚጓዝ የድሮው ቁጥር ለእርስዎ ሥራ ትክክል ነው። አይቀይሩት።

ሁለተኛው ወጥመድ የድሮው ካርታ ነው። የአገራችን ነባር ካርታዎችና የብዙ ግቢዎች ፕላን የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መነሻ (ቦታ ሁሉ የሚቆጠርበት የልኬት መሠረት) ላይ ሲሆን ሳተላይቱ የሚናገረው ግን በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም ዩቲኤም በተባለው የካርታ ፍርግርግ ዞን 37 ሰሜን ይላሉ፣ ቁጥሮቻቸውም ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው ግን ከ200 ሜትር በላይ ነው። የአዲንዳንን ቁጥር በቤዙ ላይ ያስገባ ሰው ማሽኖቹ በሙሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽተው ከአጥር ውጭ ሲሠሩ ያያል። ፕላኑ በየትኛው መነሻ እንደተሠራ ግልጽ ካልሆነ የግቢውን አራት ማዕዘኖች በሮቨር ለክተው ፕላኑን በእነሱ ላይ ያሳርፉ። የመንግሥት መቆጣጠሪያ ነጥብ ካስፈለገዎት የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትን ይጠይቁ።

6. ማስተካከያውን ይላኩ፣ ማሽኑን ያዘጋጁ

ቤዙ ማስተካከያውን የሚልከው አርቲሲኤም በተባለ ቋንቋ ነው። መልእክቶቹ በቁጥር ይጠራሉ፦ 1005 የቤዙን ቦታ ይይዛል፤ 1074፣ 1084፣ 1094 እና 1124 የአራቱን ሥርዓቶች ልኬት፤ 1230 ደግሞ ለግሎናስ ያስፈልጋል። ልኬቶቹ በየሴኮንዱ፣ 1005 በየአሥር ሴኮንዱ ይበቃል። በኢንተርኔት ከላኩ ኤንትሪፕ የሚባለውን መንገድ ይጠቀሙ፤ ፍጆታው በቀን በአሥር ሜጋ ባይቶች የሚቆጠር ስለሆነ ተራ ሲም ካርድ ይችለዋል። ግቢው አንድ ከሆነ ግን ሬዲዮ ይሻላል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራ አይቆምም። የሬዲዮ መሣሪያ ከማስመጣትዎ በፊት ስለ ፈቃዱና ስለ ድግግሞሹ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያነጋግሩ፤ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ ውድ ነው።

በማሽኑ ላይ ሁለት ሞገድ የሚቀበል ተቀባይ ይጠቀሙ። እንደ ዩብሎክሱ ዜድ-ኤፍ9ፒ ያሉ አነስተኛ ሰሌዳዎች ይህን ሥራ በብቃት ይሠራሉ። አንቴናው ከጣሪያው ከፍተኛ ቦታ ላይ፣ ከማስጠንቀቂያ መብራቱና ከሬዲዮው አንቴና ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ገመዱ ንዝረት እንዳይበላው በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰር፤ ከብልሽቶች አብዛኛውን የማገኘው እዚያ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉትን ልንገርዎት። አንቴናው ያለው ጋቢናው ላይ ነው፤ ኮንቴይነሩ ግን በክንዱ ጫፍ፣ ሜትሮች ፊት ለፊት ነው ያለው። በሴንቲ ሜትር የታወቀ ጋቢና የኮንቴይነሩን ረድፍ አይነግረንም። ማሽኑ ወዴት እንደዞረ ማወቅ አለብን፣ ቆሞ እያነሳ እያለ ደግሞ ከእንቅስቃሴው አቅጣጫውን ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ሁለት አንቴና ያስፈልጋል። በመካከላቸው 1 ሜትር ካለ የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ የአቅጣጫ ስህተት ይሆናል፤ 2 ሜትር ካራራቋቸው በግማሽ ይቀንሳል። የክንዱን ርዝመትና ማዕዘን ከማሽኑ ዳሳሾች ይውሰዱ። "ተያዘ" እና "ተለቀቀ" የሚለው ምልክትም ከመያዣው መምጣት አለበት፤ ሹፌሩ ቁልፍ እንዲጫን መጠበቅ በድካም ሰዓት አይሠራም።

ፍጥነትንም አይርሱ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማሽን በአንድ ሴኮንድ 5.6 ሜትር ይጓዛል፤ በሴኮንድ አንዴ የሚመዘግብ መሣሪያ ሁለት ረድፍ ይዘላል። በሴኮንድ አምስት ጊዜ ቢያንስ።

7. ሰማይ በሌለበት፦ የመሬት ላይ ጣቢያዎች

በመጋዘን ጣሪያ ሥርና በጠባብ መተላለፊያዎች ሳተላይትን አንለምን። አልትራ ዋይድባንድ የተባለው ሬዲዮ እጅግ አጭር የሆኑ ምልክቶችን እየተለዋወጠ ርቀትን ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት ይለካል። በምሰሶና በግድግዳ ላይ ቋሚ ጣቢያዎች ይሰቀላሉ፣ በፎርክሊፍቱ ላይ ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል። ለወለል ቦታ ቢያንስ ሦስት ጣቢያ በአንድ ጊዜ መታየት አለበት። እኔ አራት ወይም አምስት አደርጋለሁ፤ የተቆለለ ዕቃ አንዱን ሁልጊዜ ይጋርዳል።

ሲሰቅሉ ከዕቃው ቁልል በላይ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ዝቅ አድርገው ይስቀሉ። ሁሉንም በአንድ መስመር አይደርድሩ፤ ዙሪያውን ይከቡ። ብረት የጋረደው ርቀት ሁልጊዜ ረዝሞ ነው የሚነበበው፣ አጥሮ አይነበብም። ስለዚህ ከአምስት ርቀቶች አንዱ ከሌሎቹ ጋር ሳይስማማ ረዝሞ ከመጣ ያንን መጣል ትክክል ነው።

የጣቢያዎቹን ቦታ በሜትር ገመድ አይለኩ። ውጭ ሰማይ ባለበት ሁለት ወይም ሦስት ችካል ይምቱ፣ በአርቲኬ ይለኩዋቸው፣ ቶታል ስቴሽኑን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካውን የቀያሽ መሣሪያ) በእነሱ ላይ አቁመው በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ይግቡና እያንዳንዱን ጣቢያ ያንብቡ። እንዲህ ከሆነ የውጩና የውስጡ ኮኦርዲኔት አንድ ይሆናል፣ ፎርክሊፍቱም በሩን ሲያልፍ አይዘልም። በበሩ ዙሪያ ባሉ አሥር ሜትሮች ሁለቱም ሥርዓቶች ይሥሩ፤ ክፍተት ካለ የጎማ ዙር ቆጣሪና የእንቅስቃሴ ዳሳሽ ለጥቂት ሴኮንዶች ይሸፍኑታል፣ ከዚያ በላይ ግን አይታመኑም።

8. ሲመዘግቡ

ኮኦርዲኔቱን ብቻ አያስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር የጥራቱ ቁጥር ይቀመጥ፦ 1 ተራ፣ 2 በኮድ የታረመ፣ 4 ፊክስ፣ 5 ፍሎት። ኮንቴይነር የተቀመጠበት ነጥብ 4 ካልሆነና ከመሬት ጣቢያም ካልመጣ፣ ሥርዓቱ ረድፉን ከመገመት ይልቅ "ይረጋገጥ" ብሎ ሰው ይላክ።

ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። መሣሪያው የሚጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። 05:00 ብሎ የጻፈው ሹፌሩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚለው ነው። በአንድ የአደጋ ምርመራ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቅጽበት እያወሩ ለየብቻ ሲከራከሩ አይቻለሁ። በገጹ ላይ የሚታየው ሰዓት ሠራተኛው የሚቆጥረው ይሁን፣ በውስጥ የሚቀመጠው ዓለም አቀፉ።

ለሹፌሮቹም ምን እንደሚመዘገብ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩዋቸው። ኮንቴይነርን ለማግኘት የተሠራ ነገር ሳይነገራቸው ሰውን መጠበቂያ ከሆነ አንቴናው በሳምንቱ "በአጋጣሚ" ይሰበራል፤ እነሱም ቅሬታቸው ተገቢ ነው።

9. ይፈትኑ

ግቢው ውስጥ ማሽን የማይረግጠው ቦታ ላይ ሦስት ቋሚ ችካሎች በኮንክሪት ይትከሉ፤ አንዱ ገላጣ ቦታ፣ አንዱ በረድፎች መካከል፣ አንዱ መጋዘን ውስጥ። በቶታል ስቴሽን ይለኩዋቸው። ከዚያ ማሽኑን እያንዳንዱ አጠገብ ያቁሙና የክንዱ ጫፍ በችካሉ ላይ ሲሆን ሥርዓቱ የሚለውን ይመዝግቡ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ለሦስት ቀን። የቤዙን መብራት ሆን ብለው አጥፍተው ያብሩና ይድገሙት። ከሃያ ሰባቱ ንባቦች አማካዩን አይዩ፣ የከፋውን ይዩ፤ እሱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሥራው አላለቀም።

ርክክቡ ካለቀ በኋላም ዘወትር ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አንድ ማሽን ገላጣው ችካል ላይ ይቁም፣ ቁጥሩም በደብተር ይጻፍ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቁጥሩ ካለፈው ሰኞ በ5 ሴንቲ ሜትር ከተለየ በዚያ ቀን ኮንቴይነር ከመመዝገብዎ በፊት መሰላል ይዘው ወደ ቤዙ ይውጡ።